የፍልሰታ ጠርሙሶች

ክንፈሚካኤል ቁጥሩን ለሦስተኛ ጊዜ ደመረው፤ ያው ሆነ። ለአራተኛ ጊዜ ሊደምር እርሳሱን አነሣና መልሶ ወረወረው። የመደመር ስሕተት ቢሆንማ ምን ገዶት! ቁጥሩ ውሸት መሆኑን ሆዱ ነግሮታል፤ ውሸቱ በየት በኩል እንደገባ ግን አላወቀም። ወረቀቱ እንደሚለው ከሆነ የማንኩሳ ሰው ፍልሰታን ሲጦም ከአካሉ የሚፈርሰው ነገር ከምንም አይቆጠርም። እንዲህ ያለ ሰው ወይ መልአክ ነው፣ ወይ ከሞተ ሰንብቷል።

ጊዜው 1930 ዓ.ም.፣ ወሩ ነሐሴ ነው። ቦታው ዛሬ ፍኖተ ሰላም በሚባለው፣ ያኔ ግን አገሬው ወጀት በሚለው ከተማ፣ ከጣሊያን ምሽግ ሐኪም ቤት ጓሮ ያለች አንዲት የቆርቆሮ ክፍል ናት። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድበዋል፤ ምድጃው ላይ የተጣደው ብልቃጥ ይንተከተካል፤ የአሲዱ ጢስ ዓይን ያስለቅሳል። ብልቃጡ ውስጥ ያለው የሰው ሽንት ነው።

ይህን ሥራ ያመጣው ዶክተር ቬሊ የሚባል የጦር ሐኪም ነበር። ስሙ የጦር ሐኪም ይሁን እንጂ ቁስል ማሰር ያንገሸግሸዋል። ካገሩ ሲመጣ ሌላው መኮንን ወይንና ግራሞፎን ሲያስጭን እሱ ብልቃጥና ቱቦ ነው ያስጫነው። እንደሱ አባባል የሰው አካል ከጥቃቅን ሴሎች የተሠራ ነው፤ የሴሎቹ ዋና መሥሪያ ደግሞ ፕሮቲን የሚባል ነገር ነው። ፕሮቲኑ አንዴ ተሠርቶ የሚቀመጥ አይደለም። በየቀኑ ከፊሉ ይፈርሳል፣ በየቀኑ ከምንበላው ይጠገናል። የፈረሰው ቅሪት በነሱ ቋንቋ አዞቶ የሚሉትን፣ ዛሬ ናይትሮጅን የምንለውን ነገር ይዞ በሽንት ይወጣል። እንግዲህ የአንድን ሰው የሙሉ ቀን ሽንት አጠራቅሞ፣ በአሲድ ቀቅሎ አዞቶውን የለካ፣ ሰውየው በዚያ ቀን ስንት እንደፈረሰበት ያውቃል። የዶክተሩ ጥያቄ ሥጋ፣ ወተት፣ ዕንቁላል የማይበላ ጦመኛ ምን ይሆናል የሚል ነው። የጦመኛው ሴሎች እንደወትሯቸው ይፈርሳሉ ወይስ ቁጠባ ያውቃሉ?

ክንፈሚካኤል ሥራውን የያዘው ለጥያቄው ብሎ አልነበረም። ከወረራው በፊት ደብረ ማርቆስ ላይ ከአንድ የጣሊያን ሚሲዮን ሐኪም ዘንድ ቁስል ማጠብና መርፌ መውጋት ተምሯል፤ የጣሊያንኛውን ቋንቋም ያኔ ነው የለቃቀመው። ታላቅ ወንድሙ ታከለ ለአርበኞች እህል አቀበልክ ተብሎ ተይዞ፣ ቡሬ ላይ ከሁለት መቶ እስረኞች ጋራ ለመንገዱ ድንጋይ ይፈልጣል። ቀለባቸው አንድ ጭብጥ ዱቄትና አንድ ጭብጥ ባቄላ ነው። ባቄላው በካሚዮን ይመጣል፤ አርበኛ መንገድ ላይ ይቆርጠዋል፤ አዛዡ በዚህ ተማሮ ዶክተሩን «ድንጋይ የሚፈልጥ ሰው በስንት ባቄላ ይኖራል?» ብሎ ጠይቆት ነበር። ቬሊ ሥራውን ሲጀምር ለክንፈሚካኤል አፉን ሞልቶ ነገረው።

«ጦመኛው ብዙ የሚፈርስበት ከሆነ፣ ድንጋይ የሚፈልጠውማ ሊጨመርለት ይገባል። ባቄላው ይጨመር ብዬ እጽፋለሁ። አዛዡ ሳይንስን እንቢ አይልም።»

ያችን ቃል ይዞ ነው ክንፈሚካኤል ወገቡን የታጠቀው። ባንዳ ሲሉት ዋጠ። ድቁናውን ተወ፤ «እጄ ንጹሕ አይደለም» ብሎ ቤተ ክርስቲያን ሲሄድ ከደጅ ቆሞ መመለስ ጀመረ። ሥራውን ግን እንደ ዳዊቱ አጠናው። አሲዱን ሳያፈስ፣ ጠብታውን ሳይስት፣ ቬሊ ራሱ «ካንተ እጅ የኔ ይንቀጠቀጣል» እስኪል ድረስ። በየትኛው ጦም እንለካ ተብሎ ሲጠየቅም ሳያመነታ ፍልሰታን ብሎ የመረጠው እሱ ነው። ፍልሰታን ልጅ አዋቂ ሳይል ሁሉ ይጦማታላ!

አንድ ነገር ብቻ አስቸገረው። ፕሮቲን በአማርኛ ምንድን ነው? ቅኔ ቤት ስድስት ዓመት የተቀመጠ ሰው አንድ ቃል አጥቶ ሦስት ቀን ተብሰለሰለ። የአካል ገንቢ ቢል ረዘመ፤ ኃይል ቢል ሌላ ሆነ። በመጨረሻ ቀለል ያለችውን መረጠና ሐምሌ ሠላሳ፣ ከማንኩሳ ወረድ ብላ ካለችው የማርያም ደብር ደጃፍ፣ ሕዝቡ ከቅዳሴ ሲወጣ ቆሞ ተናገረ።

«ሐኪሙ ክፉ አያደርጋችሁም። በጦሙ ጊዜ ሥጋው በውስጣችሁ ምን እንደሚሆን፣ ስንቱ ፈርሶ በውኃ ሽንት እንደሚወጣ ሊያይ ነው። አዞቶ የሚሉት ነገር አለ፤ እሱን ይለካል።»

ሕዝቡ ጸጥ አለ። እርስ በርስ ተያዩ። እጅጉ የሚሉት ገበሬ፣ ቁም ነገር ያለ ቀልድ የማይሆንለት፣ «አዞ ነው ያልኸው ክንፌ? እኛ ሆድ ውስጥማ አዞ ቢገባ በረኃብ ይሞታል እንጅ ምን ያገኛል!» አለና ሳቁ። ክንፈሚካኤልም አብሮ ሳቀ፤ የቅድሙን ጸጥታ ከዕፍረት ቆጠረው። በሽታቸውን ያከመላቸው ልጅ ነውና ዐሥራ ሁለት ሰዎች እሺ አሉት። ለእያንዳንዳቸው አንገቱ ጠባብ የሆነ ትልቅ ጠርሙስ ሰጣቸው፤ ከጧት እስከ ጧት ያለውን አንዲት ጠብታ ሳያስቀሩ እንዲያጠራቅሙ ለመናቸው። በየሁለት ቀኑ በበቅሎ እየሄደ ሲሰበስብ አንድም ጠርሙስ ጎድሎ አያውቅም። እንዲያውም ሁሉም እስካንገቱ ይሞላ ነበር።

ቁጥሩ ግን ይኸው። በቀን ሁለት ግራም የማይሞላ አዞቶ! ክንፈሚካኤል ስድስት ሰባት ይሆናል ብሎ ነበር የጠበቀው። አሲዱን ለወጠ፤ ቱቦውን አጠበ፤ የራሱን ሽንት ለካ፤ የራሱ ልክ መጣ። መሣሪያው ደኅና ነው ማለት ነው። ጠርሙሱ ውስጥ ያለው የሙሉ ቀን ሽንት ይሁን አይሁን የሚያጣራ አንድ ቢጫ አሲድ ነበር፤ ነገር ግን ለፈንጂ ስለሚሆን አዛዡ በቁልፍ ይዞታል። ሁለት ጊዜ ሄዶ ለመነ፤ ሁለት ጊዜ ተባረረ።

ቬሊ ደግሞ ቁጥሩን መጀመሪያ ፈራው፣ ቆይቶ ወደደው፤ ከወደደው በኋላ ዓይኑ ሌላ አላይ አለ።

«ገባህ? ሴሎቻቸው መፍረስ አቁመዋል! ለሺህ ዓመት ጦመው ሴሎቻቸው ቁጠባ ተምረዋል። ይህን ያገኘ ሰው በዓለም የለም!»

«ዶክተር፣ ይህ ሊሆን አይችልም። አንድ የጎደለ ነገር አለ።»

«የጎደለው ያንተ ድፍረት ነው» አለው እየሳቀ። በዚያው ሳምንት ጽሑፉን ወደ ሮማ ላከ፤ ለአዛዡም በጦም የኖረ ያገሩ ሰው ያለ ባቄላ ብዙም እንደማይጎዳ ጻፈለት። ባቄላው በሳምንት ሁለት ቀን ብቻ እንዲሆን ተወሰነ፤ የሚጀምረውም ነሐሴ ሃያ ሰባት። ክንፈሚካኤል ትእዛዙን ራሱ በጽሕፈት መኪና ሲጽፍ ጣቱ ፊደሉን እየሳተ አራት ወረቀት አበላሸ።

ጦሙ ተፈታ። ቬሊ ለማነጻጸሪያ የፍስክ ጠርሙስም አምጣ ስላለው ክንፈሚካኤል ከእነዚያው ሰዎች ሰብስቦ ቀቀለ። ቁጥሩ ዘለለ። መዝለሉ ግድ ነው፣ ሥጋ በልተዋል፣ ወተት ጠጥተዋል። ግን ከዐሥራ ሁለቱ አንዷ እማሆይ ሀብትነሽ ናቸው። እማሆይ ቆብ ከደፉ ጀምሮ ሥጋም ቅቤም አይቀምሱም፤ ፍስክ ሆነ ጦም ያችው ሽሯቸው ናት። የሳቸውም ቁጥር ከሁለት ወደ ሰባት ዘሏል! ክንፈሚካኤል ወረቀቱን እያየ ከወንበሩ ተነሣ። ሳይበሉ የበላ ሰው ቁጥር ከየት መጣ? በቅሎም አልጠበቀ፤ በዝናቡ በእግሩ ወደ ማንኩሳ መንገዱን ያዘው።

እማሆይ ከቤታቸው በረንዳ ተቀምጠው ጥጥ ያባዝታሉ። እስከ ጉልበቱ ጭቃ ለብሶ ሲያዩት ደነገጡ።

«ምነው ልጀ? ማን ሞተ?»

«ማንም አልሞተም እማሆይ። አንድ ነገር ልጠይቅዎ ነው፤ እንዳይቀየሙኝ።»

«ጠይቅ። ጠይቀኸኝ ያልመለስሁልህ ምን አለ?»

«በጦሙ ጊዜ የሰጡኝ ጠርሙስ የቀኑን ሁሉ ይዟል?»

«ሙሉ አልነበረም? ጎድሎብህ ያውቃል?»

«መጉደሉንማ አልጎደለም። በምን ሞላ ነው የምልዎ?»

እማሆይ ጥጣቸውን አገላበጡ። «በውኃ ነዋ። ሰው ካገሩ ውኃ በቀር ምን ያፈሳል?»

ሌላ ቀን ቢሆን ይቺን አነጋገር ሰምና ወርቋን ለይቶ፣ አመስግኖ፣ ለጓደኞቹ ይተርክ ነበር። ዛሬ ግን ቆሽቱ አረረ። ከዚህ አገር ሰው አንድ ነገር ፊት ለፊት ማውጣት ጥርስ ከመንቀል ይብሳል! ደጋግሞ ጠየቃቸው፤ ደጋግመው አዙረው መለሱለት። ያደገበትን ጨዋነት ያን ጊዜ ጣለው።

«እማሆይ፣ ቅኔውን ይተዉት! በዚህ ውኃ ምክንያት ታከለ ሊሞት ነው!»

«የቱ ታከለ?»

«ወንድሜ! የደስታነሽ ልጅ! ጦመኛ ምንም አይፈርስበትም የሚል ቁጥር ወጥቶ የእስረኛውን ባቄላ ሊቆርጡት ነው። ቁጥሩ የወጣው ከናንተ ጠርሙስ ነው።»

እማሆይ ጥጡን አስቀመጡት።

«አንተው አይደለህ ያልኸን?» አሉ ድምፃቸው ዝቅ ብሎ። «አንተው አይደለህ ከማርያም ደጅ ቆመህ ‹ሥጋው በውስጣችሁ ምን እንደሚሆን፣ ስንቱ ፈርሶ እንደሚወጣ ሊያይ ነው› ያልኸን? ዐሥራ አምስቱን ቀን ሙሉ ሥጋ ወደሙን ተቀብለናል። ያን ለዚያ ሰው ለእሳቱ እንስጠው? እጅጉማ ጠርሙሱን ካልሰበርሁ ብሎ ነበር፤ እኔ ነኝ ‹ተው፣ ልጁን ያስሩብናል› ያልሁት። ከቁርባን በኋላ ያለውን ሰው ከማይረግጠው ጉድጓድ ምሰን ደፋነው። ከቅዳሴ በፊት ያለችውን ትንሿን ከጠርሙሱ አደረግንና የጎደለውን ከምንጩ ሞላንልህ። ጎደለ ብሎ ያ ሰው እንዳይቆጣህ፤ ላንተው ብለን።»

«ሁላችሁም?»

«ሁላችንም።»

ክንፈሚካኤል ከጭቃው ላይ ቁጭ አለ። ሥጋ! ዲያቆን የነበረ ሰው፣ በፍልሰታ ዋዜማ፣ ለቆራቢ ሕዝብ፣ ከቅዳሴ መውጫ ላይ ቆሞ «ሥጋው» ሲል ሌላ ምን ሥጋ ሊሰማ ኖሯል? እሱ ራሱ ከቆረበ ዓመት ስላለፈው ቃሏ ጆሮው ውስጥ ደርቃለች። እነሱ ጆሮ ውስጥ ግን ሕያው ነበረች። ተናደደባቸው፤ ወዲያው ደግሞ ለመናደድ ምንም ምክንያት አጣ።

«ምነው እንቢ ባላችሁኝ!» አለ እያለቀሰ። «ምነው ያን ቀን እንቢ ብላችሁ ባባረራችሁኝ!»

«እንዴት ብለን?» አሉ እማሆይ እሳቸውም እያለቀሱ። «ልጆቻችንን ያዳንኽ ልጅ! ፊትህን እያየን እንዴት ብለን!»

በማግሥቱ ጧት ቬሊን በዚያችው የቆርቆሮ ክፍል ገና ፂሙን ሲላጭ አገኘውና አንድም ሳያስቀር ነገረው። ቬሊ ምላጩን ይዞ አዳመጠ። ቁርባን ላይ ሲደርስ ሳቀ፤ ምንጩ ላይ ሲደርስ ሳቁን አቆመ። ፊቱ ላይ ለአፍታ ያህል እውነተኛ ድንጋጤ ታየ። ከዚያ ፊቱን በፎጣ አበሰና ድንጋጤውንም አብሮ አበሰው።

«ስለ ወንድምህ አውቃለሁ» አለው። «ከተቀጠርክ ቀን ጀምሮ አውቃለሁ። ሰው ለወንድሙ ሲል ብዙ ነገር ይላል።»

«እኔን አይመኑ። ያን ቢጫ አሲድ ያስመጡና በተረፉት ጠርሙሶች ይሞክሩት።»

«ፈንጂ ለሽንት አይሰጡኝም።»

«እንግዲያው እስረኞቹን እንለካቸው! ዘበኛ ቆሞ ሙሉውን ቀን ያጠራቅሙ።»

«እስረኞቹ ባቄላ ይበላሉ፤ ቁጥራቸው ከፍ ይላል። አዛዡ ደግሞ ‹ባቄላዬን እየሸኑት ነው፣ ትርፍ ነው› ብሎ ጨርሶ ይቆርጠዋል። እሱን ነው የምትፈልገው?»

ክንፈሚካኤል ሁለቱን በልቡ አስተያየ። ቁጥሩ ሲያንስ «አይፈርስባቸውም፣ ይቀነስ»፤ ሲበዛ «ተርፏቸዋል፣ ይቀነስ»! ታዲያ ያን ሁሉ ቀን የአሲድ ጢስ እየማገ የለካው ለምኑ ነው? በጠርሙሶቹ የተሞላው መደርደሪያ ዓይኑ ላይ መጣና በክርኑ ሊደረምሰው ቃጣው። ቢሰብረውም ግን የሚሰበረው ብርጭቆ ብቻ ነው።

«ተሳስቻለሁ ብለው ይጻፉ» አለ በመጨረሻ። «አንድ መስመር ብቻ።»

«ጽሑፉ ሮማ ገብቷል» አለ ቬሊ መስተዋቱን እያየ። «ቀጣዩ ትልቅ ጦማችሁ መቼ ነው? በየካቲት አይደል? ያኔ ደግመን እንለካለን።»

ነሐሴ ሃያ ሰባት ቀን ሁለቱም በካሚዮን ቡሬ ገቡ። ቬሊ ባቄላው ከመቀነሱ በፊት የእስረኞቹን ክብደት መያዝ ፈልጎ ነው። የእህል ሚዛን ከእስረኞቹ ሰፈር አጥር ውስጥ ተተከለ፤ እስረኞቹ ተራ በተራ እየወጡበት ክንፈሚካኤል ይጽፋል። የታከለ ተራ ደረሰ። አርባ ስድስት ኪሎ። ወንድማማቾቹ ዓይን ለዓይን ተያዩ እንጂ ሰላምታ አልተለዋወጡም፤ ታከለ የትከሻው አጥንት በቡቱቶው ሥር ተቆጥሮ ይታያል፤ ከሚዛኑ ወርዶ ሲሄድም አነከሰ። ክንፈሚካኤል አርባ ስድስት ብሎ ጻፈ።

መዝነው ሲጨርሱ አዛዡ ሁከት እንዳይነሣ ነገሩ ይነገራቸው አለ። ቬሊ ከሣጥን ላይ ወጣ፤ ክንፈሚካኤል ከጎኑ ቆመ። ሁለት መቶ ሰው መሬት ላይ ተቀምጧል፤ ካፊያ ይወርድባቸዋል።

«ከዛሬ ጀምሮ ባቄላ በሳምንት ሁለት ቀን ብቻ ይሰጣል» አለ ቬሊ። ክንፈሚካኤል ተረጎመ። ማጉረምረም ተነሣ።

«ይህ ቅጣት አይደለም።» ተረጎመ።

«በጥናት የተረጋገጠ ነው። ያገራችሁ ሰው ሲጦም ፕሮቲኑ አይፈርስም።»

«በጥናት የተረጋገጠ ነው» አለ ክንፈሚካኤል፤ «ያገራችሁ ሰው ሲጦም...» አለና ቆመ። ከዚያ «ሰውነቱ አይፈርስም» አለ። ሰውነቱ! ሦስት ቀን ተብሰልስሎ ያጣት ቃል ዛሬ ሳይፈልጋት ከአፉ ወጣች። ያን ቀን ከማርያም ደጅ «ሰውነታችሁ» ብሎ ቢሆን ኖሮ እነዚህ ሰዎች ባቄላቸውን ይበሉ ነበር።

ቬሊ ጨርሶ ወረቀቱን አጠፈ። ክንፈሚካኤል ግን ከቆመበት አልተነቃነቀም።

«ይህን ቁጥር የለካሁት እኔ ነኝ» አለ በአማርኛ። «ክንፈሚካኤል። ቁጥሩ የወጣበት ጠርሙስ የጦመኛ ሽንት ብቻ አልነበረም፤ አብዛኛው የምንጭ ውኃ ነው። ጥፋቱ የኔ ነው፣ የቃል ጥፋት ነው። ሐሰት መሆኑን ነግሬያቸው እንቢ ብለዋል። ሰው ሲራብ ይፈርሳል።»

«ምን ጨመርክ?» አለው ቬሊ።

«አብራራሁላቸው።»

ከጎናቸው የቆመው አማርኛ የሚያውቅ አስካሪ፣ የጣሊያን ቅጥር ወታደር፣ ክንፈሚካኤልን አየና ዓይኑን ወደ አጥሩ መለሰ። ክንፈሚካኤል ወንድሙን ፈለገው። ታከለ ከፊተኛው ረድፍ፣ ያችን የምታነክስ እግሩን ዘርግቶ ተቀምጦ፣ ቀና ብሎ ያየዋል። ይቅርታ ያደርግልኝ ይሆን፣ ይረግመኝ ይሆን ብሎ ጠበቀ። ታከለ ወደ ኋላ ዞሮ በካፊያው ውስጥ እስከ ዳር ድረስ የተቀመጡትን ሰዎች አየና ወደ ወንድሙ ተመለሰ።

«ድምፅህን ከፍ አድርገው» አለው። «ከኋላ ያሉት አልሰሙህም።»

ክንፈሚካኤልም ጮክ ብሎ ደገመው።